አራቱን ሰዓት ስንካፈል

ከኤደን እስከ ቦምቤይ በጠያራ አራት ሰዓት ነው። ይህን የሰማሁት በሰባት ዓመቴ፣ ከወጥ ቤታችን በር ጀርባ የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ሰማሁ እንጂ አልገባኝም። የገባኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ያ የገባኝ ነገር ደግሞ ለወራት አንጀቴን ሲያሳርረው ከረመ።

የየመን ሰሜንና ደቡብ ጦርነት ካለቀ ብዙ አልቆየም። የምንኖርበት የመንሱራ ሰፈር ብሎክ ግድግዳ ላይ የጥይቱ ቀዳዳ ገና አልተደፈነም፤ ርግቦች ጎጆ ሠርተውበት ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አባቴ ኸይሩ ፉቁም ወደሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ወርዶ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ውሎ መጥቷል፤ እጁን ሦስቴ በሳሙና አሽቶት ጥቁሩ ቅባት እንቢ ብሎታል። እናቴ ፋጡ ፊት ለፊቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። በመካከላቸው ጎረቤታችን ዐም ዐብደላ አለ። ዐም ዐብደላ በእንግሊዞቹ ጊዜ ኾርመክሰር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን የነበረ ሽማግሌ ነው፤ በዚህም የተነሳ በጠያራ ነገር በመንሱራ ከርሱ በላይ አዋቂ እንደሌለ ያምናል። ሟች ሚስቱ የድሬዳዋ ሰው ስለነበረች እኛ ኢትዮጵያውያኑ ቤት የምንነጋገርበትን አማርኛ ይናገራል፣ በራሱ መንገድ።

"ካይሮስ?" አለ አባቴ።

"ካይሮ በሰንዓ ነው። ትራንዚት" አለ ዐም ዐብደላ፣ ቃሏን እንደ ከረሜላ እያላመጠ።

"ሰንዓ አይሆንም ብሏል ዱክቱሩ" አለች እናቴ። "ተራራ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ አትችለውም አለ።"

"ዐማን?"

"እሱም በሰንዓ።"

"ቦምቤይ?"

"ቦምቤይ ዳይሬክት!" ዐም ዐብደላ እጁን እንደ ክንፍ ዘረጋ። "በባሕሩ ላይ ቀጥ! ተራራ የለ፣ ምን የለ። አርባዕ ሳዓት። አራት ሰዓት፣ ኻላስ።"

አባቴ የእጁን ቅባት በጥፍሩ እየፋቀ፣ "እንግዲህ ለላይላ አራት ሰዓት ነው" አለ።

"አራት ይከብዳታል፣ ኸይሩ።"

"ከአራት ያነሰ የለማ፣ ፋጡዬ።"

"ሁለት ቢሆን ትችለው ነበር" አለች እናቴ፣ ድምጿ እየሰለለ። "አራት ግን…"

እኔ ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። ለእህቴ ለላይላ አራት ሰዓት!

በቤታችን ጊዜ የሚቆጠረው በሶላት ጥሪው፣ በአዛን፣ ነበር። ከቀትሩ ዙህር በፊት፣ ከምሽቱ መግሪብ በኋላ፣ ይባላል። ሰዓት ማለት ለኔ እጅ ላይ የሚታሰር ነገር ነው። በቤቱ ያለችው አንዲት የአባቴ ሰዓት ናት፤ መስተዋቷ የተሰነጠቀ፣ የዓሣና የናፍጣ ሽታ የማይለቃት። ከብሎካችን ሥር ያለው የዘካሪያ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የመስተዋት ሣጥን አለ፤ በሣጥኑ ውስጥ የልጆች ሰዓቶች ተደርድረዋል። አንዷ ቀይ ማሰሪያ አላት፤ በፊቷ ላይ ትንሽ ወርቃማ ዓሣ ተስሏል። ያቺን አባቴን ለምኜው ነበር። "ኢንሻአላህ ለዒድ" አለኝ። ዒድ መጣ፣ ሄደ። ዓሣዋ እዚያው ሣጥኗ ውስጥ ቀረች። አሁን ለላይላ አራት! ያውም ከቦምቤይ!

"አራት ይከብዳታል" ያለችው እናቴ ብቻ በነገሩ ፍትሕ ያላት መሰለኝ። እውነቷን ነው፤ የላይላ ክንድ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጭን ነው፣ አራት ሰዓት የት ልታስረው ነው? ሁለቱን እግሯ ላይ?

አማርኛን ያወቅሁት በጆሮዬ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት በዐረብኛ፣ ያቋረጥኩትም ቶሎ ነው። ፊደሉን የያዝኩት አሁን፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ እዚሁ መንሱራ በማታ ክፍል ነው። ባለፈው ወር መምህራችን ቡርቱካን ሰሌዳው ላይ "ሰዓት" ብላ ጻፈችና ዐረፍተ ነገር ሥሩበት አለችን። አጠገቤ ያለችው ሴት "ሰዓቴ ጠፋ" ብላ ጻፈች። ከፊቴ ያለው ልጅ "ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ" አለ። ሌላዋ "ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።" ቡርቱካን ለሁሉም "ልክ" አለች። እኔ እርሳሴን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንድ ቃል፣ ሦስት ነገር። በዐረብኛውም ቢሆን ያው ነው፤ ዐም ዐብደላ በሁለት ቋንቋ ቢነግረኝም በሁለቱም የሰማሁት የእጅ ሰዓት ነው።

እህቴ ላይላ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ስለ ላይላ በዚያ ዕድሜዬ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር ይሰጣት ነበር። ደረጃ ስንወጣ አባቴ እሷን ይሸከማል፣ እኔ የዳቦውን ከረጢት። በየመንገዱ ድንገት ቁጢጥ ብላ ትቀመጣለች፤ እሷ ቁጢጥ ስትል ሁሉም ይቆማል፤ ደባቡ እንኳ፣ ሰው ሞልቶ ሊሄድ ያለው ሚኒባስ፣ ይጠብቃታል። እኔ አንድ ቀን ገበያ መሀል ቁጢጥ ብል እናቴ በጆሮዬ ጎትታ አነሳችኝ። ከሁሉ የባሰው ከንፈሯ ነው። የላይላ ከንፈርና የጥፍሮቿ ሥር ሐምራዊ ነበር። በዘካሪያ ሱቅ በእንጨት ተሰክቶ የሚሸጠው ሐምራዊ በረዶ ምላስን እንደዚያ እንደሚያቀልም አውቃለሁ። ስለዚህ ደብቀው እየገዙላት ነው ብዬ ደመደምኩ። ፍራሿን አገላብጬ እንጨቱን ስፈልግ ይዛኝ ታውቃለች።

"ምን ጠፋብሽ?"

"በረዶሽን የት ነው የምትደብቂው?"

"የምን በረዶ?"

"አፍሽን አይተሽዋል?"

ላይላ ከንፈሯን በእጇ ሸፈነች። እኔም "ይኸው፣ ተያዘች" አልኩ በሆዴ።

ልቧ ነው የታመመው። ከተወለደች ጀምሮ ደሟ አየር አይጠግብም ነበር፤ ቁጢጥ የምትለው ትንፋሽ ስለሚያጥራት ነው፣ ቁጢጥ ሲሉ ትንሽ ይመለሳል። ክሬተር ሰፈር ያለው ሐኪም ደረቷ ተከፍቶ ካልታከመች ዓመቱን አታልፍም ብሎ ነበር፤ የሚከፍታት ደግሞ ኤደን ውስጥ የለም። በአየር ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትም አትችልም። ለዚህ ነው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የዓለምን ከተሞች በሰዓት ሲመዝኑ የዋሉት። እኔ ዛሬ እናት ሆኜ ያን "አራት ይከብዳታል" ያለ ድምፅ በሌላ ጆሮ እሰማዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የበረዶውን እንጨት ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ዝግጅቱ ተጀመረ። ኻላ ዐሊያ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ለላይላ ቢጫ ቀሚስ ቆረጠችላት። አባቴ በፉቁም ጀልባ ላይ የነበረውን ድርሻ ሸጠ። ለቀሚሱ ይሆናል ብዬ ቀሚሱን በጥርጣሬ አየሁት፤ ያን ያህል አያምርም ነበር። በየቀኑ ሰው ይመጣል። በየቀኑ "አራት ሰዓት" ይባላል። ሴቶቹ ጉንጫቸውን ይዘው "ያ ሳትር! አራት ሰዓት?" ይላሉ። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። ለኔ ስለሚገዛው ነገር ትንፍሽ ያለ የለም።

አንድ ቀን ኻላ ዐሊያ ቀሚሱን ልትለካ መጣች። ላይላን አቆመቻት፤ ወዲያው ስለደከማት ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሻይ በወተት ይጠጣሉ፣ ኸሚር፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ይቆርሳሉ። አባቴም ዐም ዐብደላም አሉ። አንዲት ሴትዮ፣ "አራት ሰዓት ይቺን ለምታህል ልጅ!" አለች። በዚህ ጊዜ እኔ ፈነዳሁ።

"አራቱንም ለብቻዋ አትስጧት!" ብዬ ጮህኩ። "ለምን ለብቻዋ? ሁለቱን እኔ እወስዳለሁ! እኩል እንካፈል!"

ኸሚር የያዘ እጅ በአየር ላይ ቀረ። በዱላ የምመታ መስሎኝ ወደ በሩ አየሁ።

"ምን አልሽ፣ ሻይሞዬ?" አለች እናቴ በቀስታ።

ካልኩ አይቀር ብዬ ደገምኩት። "ሁለት ለሷ፣ ሁለት ለኔ።"

እናቴ ተነስታ መጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያገኘኝ ግን ጥፊ አልነበረም፤ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ደፍታ በእንባ አራሰችኝ። "ሰማችሁ?" ትላለች፣ ትንቀጠቀጣለች። "ሰማችሁልኝ ይቺን? የእህቷን መንገድ ልትሸከምላት! ግማሹን ለኔ ስጡኝ ትላለች! የኔ ሆድ፣ የኔ አንጀት!"

"ማሻአላህ፣ ተባረከላህ" አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ። ኻላ ዐሊያ በቢጫው ጨርቅ ዓይኗን ጠረገች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዐም ዐብደላ ሳይቀር "ሰባ ዓመት ኖርኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም" አለ፤ እሱ ያልሰማው ነገር መኖሩን ሲያምን ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ሁለቱ ያንቺ ናቸው" አለችኝ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ። "ወላሂ፣ ሁለቱ ያንቺ ናቸው።"

ትልቅ ሰው ወላሂ ካለ አለቀ። በደስታ ዙሪያዬን አየሁ። ላይላ ብቻ አላለቀሰችም። ፍራሿ ላይ ተደግፋ፣ አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ልክ የበረዶውን እንጨት ስፈልግ የያዘችኝ ዕለት እንዳየችኝ ታየኝ ነበር።

ዘካሪያ ሱቅ ሄጄ የመስተዋቱን ሣጥን በንቀት አየሁት። "የኔ ሁለት ከቦምቤይ ይመጣል" አልኩት። "ሁለት ምን?" አለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ሁለት ሰዓት ያላት ሴት ከባለ ሱቅ ጋር አትከራከርም።

የመሄጃቸው ጠዋት መጣ። አባቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ላይላ ቢጫ ቀሚሷን፣ ነጭ ካልሲዋን፣ ጸጉሯን ኮኮናት ዘይት ተቀብታ። እናቴ ከበሩ አልወጣችም። እኔን መርጣ የቀረች መስሎኝ ኮራሁ። እውነቱ የጀዋዙ፣ የፓስፖርቱ፣ ነገር ነው፤ ከደሴ በጅቡቲ በኩል በጀልባ የመጣች ሴት ናት፣ ጀዋዟ ካረጀ ቆይቷል፤ ብትወጣ መመለሻ አልነበራትም። ልጇን ለሰማይ የምትሰጠው ከደጃፏ ላይ ቆማ ነው።

አባቴ የተሰነጠቀችውን ሰዓቱን ፈትቶ ለእናቴ አሰረላት። ከዚያ እናቴ ላይላ ፊት ተንበርክካ የቀሚሷን አንገት እያስተካከለች፣ "አትፍሪ" አለቻት። "አራት አይደለም፤ ሁለት ብቻ ነው ያንቺ። ሁለቱን ሻይማ ትይዝልሻለች። እሺ?"

"እሺ" አለች ላይላ።

ትይዝልሻለች! ከመቼ ወዲህ? ሁለቱ ያንቺ ናቸው አልተባልኩም? ወላሂ ተብሎስ? እኔ ለላይላ ዕቃ ጠባቂ ልሆን! አባቴ ላይላን ታቅፎ ደረጃውን ሲወርድ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ አላወዛወዝኩም።

ረፋዱ ላይ እኔና እናቴ ጣሪያው ላይ ወጣን። ከዚያ ኾርመክሰር ይታያል፤ በመካከሉ የጨው ኩሬዎቹ፣ በኩሬዎቹ ውስጥ ባንድ እግራቸው የሚቆሙት ቀያይ ወፎች። ዐም ዐብደላ በታጠበ አንሶላ መካከል ቆሞ መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዷል። አንድ ጠያራ እያጓራ ተነሳ።

"ያው! ያቺ ናት! ቦምቤይ!" አለ።

እናቴ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሰዓቷን አየች፤ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወረድን። ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝና ራሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መጀመሪያ የላይላ ሁለት ያልፋል፣ ከዚያ ያንቺ ይጀምራል፤ እስከዚያው ተዘጋጂ አለችኝ። ለምን እንደምዘጋጅ አልገባኝም። ገና ላቤ እንኳ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ።

"ፋጡ! ያ ቢንቲ!" ዐም ዐብደላ ያለከልካል። "ያ የቅድሙ የጭነት ነበር። አሁን ነው የተነሳችው! እንደ አዲስ ቁጠሪ!"

"ዐም ዐብደላ፣ አላህ ይይልህ!" አለች እናቴ፤ ከዚያ ቀንም ወዲህ ለሽማግሌ እንደዚያ ስትናገር አልሰማኋትም። እንደ አዲስ ተጀመረ።

የላይላን ሁለት በምን እንደገፋነው አላስታውስም። የኔን አስታውሳለሁ። ዙህር አዛን ካለ በኋላ እናቴ እጆቼን አንስታ መዳፎቼን ወደ ላይ ገለበጠቻቸውና ጉልበቴ ላይ አኖረቻቸው። "አሁን ያንቺ ነው" አለች። "ዝም ብለሽ ተቀመጪ። በቀስታ ተንፍሺ። ስትተነፍሺ ለሷም ተንፍሺላት፣ ጥልቅ አድርገሽ።"

ተቀመጥኩ። መብራት ሄደ። ማራገቢያው፣ ፓንካው፣ ሁለት ሦስቴ ዞሮ ጣሪያው ላይ ቆመ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ወረደብን። ከመንገድ ልጆች ኳስ ሲራገጡ ይሰማል፤ ከጎረቤት የዙርቢያን ሽታ፣ ሥጋና ሩዝ፣ በመስኮቱ ይገባል። ቁርጭምጭሚቴን አሳከከኝ። ልከክ ብዬ እጄን ሳነሳ እናቴ ያዘችኝ። "እንዳይወድቅ" አለች።

"ምኑ?"

"ሰዓቱ።"

"እማ፣ የታለ ሰዓቱ?"

"ይኸው፣ ይዘሽዋል።"

መዳፎቼን አየኋቸው። ባዶ ናቸው። ላብ ብቻ። እናቴን አየኋት፤ የምትቀልድ አትመስልም፣ ዓይኗ ከአባቴ ሰዓት ላይ አይነቀልም። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ለላይላ ጠያራ፣ ለላይላ ቢጫ ቀሚስ፣ ለላይላ የእውነት ሰዓት። ለኔ ባዶ መዳፍ ሰጥተው "ይዘሽዋል" ይሉኛል። በሰባት ዓመቴ ሰው እንዲህ ተንቆ አያውቅም ብዬ አመንኩ። ከንዴቴ ብዛት በኃይል እተነፍስ ጀመር።

"እሰይ" አለች እናቴ በሹክሹክታ፣ እንባዋ እየወረደ። "እሰይ፣ እንደዚያ። እንደዚያ ተንፍሺላት።"

በኋላ እናቴ ሰዓቱን ከእጇ ፈትታ ምንጣፉ ላይ አኖረችው። "ጨረስሽ" አለችኝ። "አደረስሻት።" ከዚያ እዚያው እንደተቀመጠች ወደ ጎን ተጋደመች፤ እኔም ቁርጭምጭሚቴን እስኪደማ አከክሁ።

ስልኩ ከመግሪብ በኋላ ተደወለ፣ ዘካሪያ ሱቅ። ግማሽ ብሎኩ ተከትሎን ወረደ። እናቴ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘችው። "ደረሳችሁ? ከንፈሯስ? ተነፈሰች?" ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" እያለች የመስተዋቱ ሣጥን ላይ ተደገፈች፤ ከሥሯ ባለ ዓሣዋ ሰዓት ትታየኛለች። እጀታውን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ "እህትሽ ትፈልግሻለች" አለችኝና ወደ ዘካሪያ ሚስት ዞራ ተቃቅፈው አለቀሱ።

"ሻይሞ" አለች ላይላ። ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ሁለቱን ሰዓት ያዝሽልኝ?"

"ምን ሰጣችሁኝና ነው የምይዘው?" አልኩ። "አራቱንም አንቺ ይዘሽ ሄደሽ! ቀዩ የኔ ነው፣ እሺ? ቀይ ካለ የኔ ነው!"

መስመሩ ኮሽኮሽ አለ። የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ ላይላ ሳቀች፤ ትንፋሽ በሌለው ሳቅ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለች፣ አባቴ ከኋላዋ "ቀስ፣ ቀስ በይ" እስኪላት ድረስ።

"አውቄ ነበር" አለች። "ለማንም እንዳትነግሪ። እሺ? ለማንም።"

ከብዙ ዓመት በኋላ የጠያራውን ነገረችኝ። መንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ደረቷ እንደ ገመድ ከርሮ፣ ጥፍሯ ጠቁሮ ነበር። አባቴ አስተናጋጇን ሰዓት ጠይቆ፣ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ "ላይላ፣ ያንቺ አለቀ። ከዚህ ወዲያ የሻይማ ነው" አላት። የእጅ ሰዓት መጠየቄን ያኔም ጠርጥራ ነበር፤ ስለ በረዶው እንጨት ያወቀች ልጅ ያንን አታጣውም። ቢሆንም ጭንቅላቷን አባቴ ጭን ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። "ያንቺ ነዋ" አለችኝ። "እኔ ምን ቸገረኝ።"

ለኔ ግን ያ ወቅት ከባድ ነበር። በብሎካችን "ሁለቱን ሰዓት የተሸከመችው" የሚል ስም ወጣልኝ። ሴቶች በደረጃ ላይ ራሴን ይዳስሳሉ። እንዲህ ያለ ስም ያላት ልጅ ድንጋይ መወርወር፣ ኸሚር መስረቅ፣ ማኩረፍ አትችልም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ላይላ ነው፤ ስለ ላይላ ይጸለያል፣ ላይላ ተከፈተች፣ ላይላ ዓይኗን ገለጠች፣ ላይላ ሾርባ ጠጣች። ሾርባ እኔም ጠጥቻለሁ። እናቴ ታሪኩን ለመጣው ሁሉ ትተርካለች፤ ስትተርከው እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሱንም "ትሕትናዋ!" ይሉታል። ዛሬም ትተርካለች፣ ለልጆቼ። ልጄና ታናሽ ወንድሟ ስልክ ተሻምተው ሲጣሉ፣ "እናታችሁ በሰባት ዓመቷ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ?" ብላ ትጀምራለች። እኔ ደግሞ ልጄ ቀንታ ስትጮህ ቶሎ አልቆጣትም፤ ምን እንደሰማች መጀመሪያ እጠይቃታለሁ።

ረመዳን ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ስንት ሰዓት በአየር ላይ እንደቆዩ በዚያ ቀን ማንም አልቆጠረም፤ ዐም ዐብደላ እንኳ ጣሪያ አልወጣም። ታክሲው ሲቆም አባቴ ቀድሞ ወረደ፤ ላይላን ሊያቅፍ ጎንበስ ሲል እጁን አልፋ ወጣች። ቢጫው ቀሚስ አጥሯታል። በአንገቱ በኩል የጠባሳዋ ሮዝ መስመር ጫፍ ይታያል። ከንፈሯ እንደኔ ከንፈር ነው። በረዶውን ተወች ማለት ነው፣ አልኩ።

ሌሎቹ እናቴን ከበው እልል ሲሉ ላይላ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝ፤ ከሩዝ ከረጢቱ አጠገብ። ከካልሲዋ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አራት ሰዓት። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ወርቃማ ሰንሰለት ያለው፣ አንዱ መስተዋቱ ውስጥ የሚወርድ የሚወጣ ትንሽ ዶቃ ያለበት። አባታችንን ለምና፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ከሚሸጥ ልጅ ነው የገዛችው።

"መጀመሪያ አንቺ ምረጪ" አለችኝ።

ቀዩንና ዶቃ ያለበትን አነሳሁ። ሁለቱንም ባንድ ክንድ አሰርኩ። ሰማያዊውንና ወርቃማውን እሷ አሰረች። በዚህ መሀል እናቴ ደረሰች።

"ይሄ ሁሉ ሰዓት ምንድነው?"

"አራት ሰዓት ነው፣ እማ" አለች ላይላ፣ እኔን በክርኗ እየጎሸመች። "የቦምቤይ መንገድ። ተካፈልነው።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ እንደገና አለቀሰች። አሁንም ሌላ ነገር ነው የሰማችው። አላረምናትም።

እኔ ግን ዓይኔ ወርቃማው ላይ ነው። በመስኮቱ ብርሃን ሲገባበት ያብረቀርቃል፤ የኔ ቀይ ማሰሪያ አጠገቡ ላስቲክ መሰለ። ለካ እያወቀች ነው ቀድሜ እንድመርጥ ያደረገችኝ!

"ወርቁን ስጪኝ። እንቀያየር።"

"ኻላስ፣ መርጠሻል።"

"ስጪኝ!"

"አልሰጥም!"

እጇን ልይዝ ስል አፈተለከች። በእንግዶቹ መካከል፣ በበሩ፣ ደረጃውን ወደ ጣሪያው። ተከትያት ሮጥኩ። የሷ ጫማ ከላዬ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ሰዓቶቹ እጇ ላይ ይንኳኳሉ። ከታች እናቴ እንደ ልማዷ፣ ነፍሷ እየወጣ፣ "ላይላ! አትሩጪ!" ብላ ጮኸች።

የላይላ እግር ብቻ ይሰማል።

"ሩጪ" አለች እናቴ፣ ለራሷ ያህል ቀስ ብላ። "ሩጪ፣ ልጄ።"

ሮጠች። እኔም ወርቃማውን ሰዓት ልነጥቃት እያለቀስኩ ተከተልኳት፤ ልደርስባት ግን አልቻልኩም።